ሩዋንዳ ላይ ያለብን ወንፈል

(ግንቦት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለበጎ ፈቃድ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። የተደጋገሙ ጥቂት ቃላት ወጥተዋል፤ ሌላው እንደተነገረ ነው።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

ከኋላ ይሰማል? እሺ፣ ጥሩ።

ውድ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤ ቅዳሜ ጠዋት ስንት ጉዳይ አለ። ገበያ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ዕቁብ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ በር ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። ዛሬ ከምናገራቸው ነገሮች አንዱ ስለ መቀመጥ ነውና ቆማችሁ እንድትሰሙኝ አልፈልግም።

የተጠራሁት በ2011 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሩዋንዳ ስላደረግነው የበጎ ፈቃድ ጉዞ እንድነግራችሁ ነው። አሥራ አራት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ነበርን። ልጆቹ ለአውሮፕላን ትኬቱ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያዋጡ ከርመዋል። አምስት ሳምንት ቆይተን ተመለስን። ከሄዱት ልጆች አራቱ ዛሬ እዚህ አሉ። ዛሬ ሁሉም ሥራ ይዘዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ወልደዋል።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው ስለ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ስለ መቀመጥ ነው። ሦስተኛው ስለ ብድር ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ መልስ አለብኝ። ቅድም ስገባ አንድ አባት በር ላይ አግኝተውኝ፣ «የኔ ልጅ፣ እዚሁ አገራችን ስንት ሥራ እያለ ተማሪ ምን ፍለጋ ነው ሰው አገር ድረስ ለማገልገል የሚሄደው?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እኮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ለማግኘት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። እዚህ ካላችሁት መካከል አባቱ ወይም አጎቱ በዚያ መንገድ ሄዶ ያስተማረ አይጠፋም። እኛም የክበባችንን ልጆች በየዓመቱ ወደ ገጠር እንወስዳለን። ያንን አልተውንም።

ታዲያ ለምን ሩዋንዳ? እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚህ ገጠር ስንወርድ ቋንቋውን እናውቃለን፣ ምግቡን እናውቃለን። ስለዚህ ሰዎቹንም የምናውቃቸው ይመስለናል። ገበሬው አፉን ሳይከፍት እኛ መልሱን ይዘን እንቀርባለን። ሩዋንዳ ላይ ግን አፋችን ተያዘ። ውሃ የት እንደሚቀዳ እንኳ አናውቅም። ሰላምታ አናውቅም። እንደ ሕፃን ሆንን። ሕፃን ደግሞ ሥራው መጠየቅ ነው። እዚያ መጠየቅ የለመደ ልጅ እዚህ ሲመለስም ይጠይቃል። አባቴ፣ መልሴ ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገር ልግባ። መጠየቅ።

ከመሄዳችን ከብዙ ወራት በፊት ከአስተናጋጆቻችን ጋር እንጻጻፍ ነበር። ደቡብ ሩዋንዳ ውስጥ ሁዬ የምትባል ከተማ አለች። ድሮ ቡታሬ ነበር የምትባለው፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። እዚያ ያሉ ተማሪዎች ናቸው የተቀበሉን። እኛ ዕቅድ ጽፈን ላክን። ዕቅዱ ምን ይላል? «በሐምሌና በነሐሴ ችግኝ እንተክላለን።» ሐምሌ ነው፣ ክረምት ነው፣ ሌላ ምን ይሠራል? እነሱም «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በጣም ደስ ይለናል» ብለው መለሱ። እኛ የችግኝ አፈላል ሥልጠና ወሰድን። ጓንት ገዛን። ቲሸርት ላይ ቅጠል አሳተምን።

ከዚያ ሄድን። ከቦሌ የተነሳነው ዶፍ እየዘነበ ነው። ኪጋሊ ስንወርድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ ሁዬ በመኪና ስንጓዝ ከመንገዱ ዳር የሙዝ ቅጠሉ ሁሉ በቀይ አቧራ ተሸፍኗል። ሩዋንዳ ከምድር ወገብ በታች ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዋናው በጋዋ ነው። ዝናቡ የሚመጣው በመስከረም አጋማሽ ነው። ችግኝ የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ክረምት ሲሆን ዓለም ሁሉ ክረምት የሆነ መስሎን ነበር!

ለምን አልነገሩንም? ጠየቅኋቸው። አስተባባሪው ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ «እንግዳ ይዤ የምመጣው ይሄ ነው ሲል እንዴት አይሆንም ይባላል?» አለኝ። ይህንን ስሰማ ልቤ ተነካ። እኛስ ብንሆን እንል ነበር? አንልም። እንግዳ ያመጣውን እንቀበላለን፣ ሲሄድ ጓዳ እናስቀምጠዋለን። እስኪ አስቡት፤ ስንት የተላከልን ነገር ነው እንዲህ ጓዳ የቀረው? ስንት ማሽን፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ፕሮጀክት?

ደግሞ የሚገርማችሁ፣ እኛ እዚያ አቧራ ላይ ቆመን ግራ በተጋባን ሰሞን፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አገራችን ውስጥ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ያወጀበት ቀን ነበር። ልጆቹ በስልካቸው የጓደኞቻቸውን ፎቶ ያያሉ። ሁሉም በጭቃ፣ ሁሉም በዝናብ። አንዱ ተማሪ መጥቶ፣ «እዚያ ብንቀር አይሻልም ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ ቀን እዚያ ብንቀር ይሻል ነበር።

ያን ማታ ተሰብስበን ወረቀቱን ቀደድነው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ አስተናጋጆቻችን ሄደን፣ «ምን እናምጣ አንልም። እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው? ከእናንተ ጋር እንሥራ» አልናቸው። በጋው ላይ ሁለት ሥራ ነበራቸው። አንዱ ከመስከረም ዝናብ በፊት ኮረብታው ላይ እርከን ማበጀት። ሌላው አቅመ ደካሞች ደጃፍ ላይ የጓሮ አትክልት መደብ መሥራት። መደቡ ክብ ነው፣ በድንጋይ ከፍ ይደረጋል፣ በእጣቢ ውሃ ይጠጣል። ቅጠላ ቅጠል በበጋም እንዳይጠፋ ነው። ይሄ ነው የሚፈለገው። ችግኝ አይደለም።

ልጆች፣ ልድገመው። ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ጠይቃችሁ «ደስ ይለናል» ካሏችሁ ደግሞ እንደገና ጠይቁ። ጨዋ ሰው ለመጀመሪያ ጥያቄ እውነቱን አይመልስም።

ሁለተኛው ነገር መቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሱኝ።

ሩዋንዳ ውስጥ ኡሙጋንዳ የሚባል ነገር አለ። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት አገሩ ሁሉ ለጋራ ሥራ ይወጣል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ጤነኛ ሰው ሁሉ ይወጣል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተደነገገ ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ሊቀጣ ይችላል። ቃሉም ታሪኩም ቀላል አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የዘር ጭፍጨፋውን የመሩት ሰዎች ግድያን «ሥራ» ብለው፣ ይህንኑ ኡሙጋንዳ የሚለውን ቃል ሳይቀር ተጠቅመውበታል። ያንን እያወቁ ቃሉን መልሰው ለድልድይና ለእርከን አውለውታል። እኔ ስሰማ ዝም ነው ያልኩት።

እኛ በደረስን በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 20፣ ኡሙጋንዳ ሆነ። የመንገድ ዳር ቦይ ቁፋሮ ነበር። የኛ ልጆች ቅጠል ያለበትን ቲሸርት ለብሰው ወጡ። እንዴት እንደሠሩ! እንደ ውድድር ነው። ዶማው ከእጃቸው አይወርድም። የሰፈሩ ሰው ቀስ እያለ፣ እያወራ፣ እየሳቀ ይሠራል። የኛዎቹ ላብ በላብ ሆኑ። ሥራው አለቀ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሚኒባሱ ላይ ወጣን፣ ሄድን። ደስ ብሎናል። ጥሩ የሠራን መስሎናል።

ማታ አስተባባሪው ልጅ መጣና ቀስ ብሎ፣ «ለምን ሄዳችሁ?» አለኝ። «ሥራው አለቀ እኮ» አልኩት። «ሥራው ካለቀ በኋላ ነው እኮ ሰው ሣሩ ላይ የሚቀመጠው። ስብሰባ አለ። ማን ታመመ፣ የማን ቤት ሊፈርስ ነው፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የሚባለው ያኔ ነው። እናንተ ልክ ሰው ሲቀመጥ ተነሳችሁ» አለኝ።

ልክ ሰው ሲቀመጥ ተነሳችሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

አባቴን አስታወሰኝ። አባቴ ደሴ ነው የተማረው። በመስከረም 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ 280 ሆነው ኢትዮጵያ ገቡ፤ በየከተማው ተበተኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴን አንዱ ሂሳብ አስተምሮታል። እኔ ልጅ ሆኜ ስለዚያ ሰው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ግን ስለ ሂሳቡ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አባቴ የሚያወራው ይሄንን ነው። የአያቴ አባት ሲሞቱ ያ ፈረንጅ ልቅሶ ቤት መጣ። ማንም አልጠራውም። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቋንቋ አይችልም። ሦስት ቀን እየተመላለሰ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ንፍሮ ሲሰጡት በላ። አባቴ ሰባ ዓመት ሲሞላው እንኳ ይህንን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሩዋንዳ ላይ ደንብ አወጣን። ሥራ ባለቀ ቁጥር ማንም ወደ መኪና አይሄድም። ሰው ከተቀመጠ እንቀመጣለን።

መቀመጥ ስንጀምር ምን ሆነ መሰላችሁ? እነሱ ያገለግሉን ጀመር!

አንዷ ተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ቁፋሮ እጇ ውሃ ቋጠረ። ከተማ ያደገች ልጅ ናት፣ ዶማ ይዛ አታውቅም። አፍራ ደበቀችው። ከጥቂት ቀን በኋላ የአትክልት መደብ ልንሠራላቸው ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ሄድን። በነሱ ቋንቋ «ሙኬቹሩ» ይሏቸዋል፤ እኛ እማማ እንደምንለው የአክብሮት ነው። እንደኛው ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደገፍ አድርገው ነው የሚጨብጡት። ልጅቷን ሲጨብጧት እጇ ተኮማተረ። አልለቀቋትም። መዳፏን ገልብጠው አዩት። ምንም ሳይሉ ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ውሃ አሞቁ፣ ጨው ጨመሩበት፣ እጇን ነክረው ያዙት። በንጹሕ ጨርቅ አሰሩላት። ከዚያ ዶማቸውን አምጥተው አያያዝ አሳዩዋት። አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ እሷ አስተረጎመች። «እጀታውን አትነቂው ይላሉ። አንቺ አንሺው ብቻ፤ ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ይቆፍራል ይላሉ።»

ልታገለግል የሄደች ልጅ ናት። እጇን ታጥባ፣ ተጠቅልሎላት፣ ተምራ ነው የወጣችው። ያን ቀን የሠራነው መደብ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ግን ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ሰዎች ሆንን።

ሰዓት የሚባለውንም ነገር ልንገራችሁ፤ ትንሽ ነገር ናት ግን በጣም ነው ደስ ያለችን። እኛ በሰው አገር ስለሆንን ሰዓት በፈረንጅ ነበር የምንቆጥረው። «ነገ በ8 ሰዓት እንመጣለን» ይላሉ ልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ ጠዋት ማለታቸው ነው። እማማ ግራ ይገባቸዋል። አንድ ቀን ራሳቸው በጣታቸው ፀሐይዋን አሳይተው፣ «ሳ ምቢሪ» አሉ። ምቢሪ ሁለት ነው። ሳ ደግሞ የኛው ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት! ለካስ እነሱም እንደኛ ፀሐይ ስትወጣ ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። አሥራ አራቱም ልጆች በአንዴ ጮኹ። ስንት ቀን ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር በሦስተኛ ሰው ቋንቋ ስንነጋገር ኖረን! ከዚያ በኋላ በኛ ሰዓት ሆነ ቀጠሯችን።

አሁን ቡናውን ላምጣ።

የሁዬ ኮረብታ ቡና ነው። ቡናን ለሩዋንዳ ገበሬ በብዛት ያስተከለው የቤልጅየም ቅኝ አገዛዝ ነው፤ በግዴታ። ገበሬው ይተክላል፣ ይለቅማል፣ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ይሸጣል። ቡናው ወደ ውጭ ይሄዳል። ራሱ የሚጠጣው ሻይ ወይም ወተት ነው። እማማ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ለቅመዋል። ቀምሰው ግን አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ይህንን ስትነግረን ልጆቹ አላመኑም። እኛ ቡና የሌለበት ቤት እንዴት ብለን እናስብ?

በማግሥቱ «እናፍላልዎት?» አልናቸው። አየት አደረጉንና ጓዳ ገብተው ከጥግ ትንሽ ጆንያ አወጡ። ጣቢያው አልቀበልም ያለው ቡና ነው፤ ከነገለባው ደርቋል፣ እኛ ጀንፈል የምንለው። ኢሰኩሩ የሚሉት ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ አላቸው፣ የካሳቫ ቅጠል የሚወቅጡበት። በእሱ ቀስ ብለን ሸከሸክነው። ገለባውን ለመለየት እኛ በአፋችን እፍ ስንል ሰፌድ የመሰለ ነገር አምጥተው ተቀበሉን። አበጣጠራቸው ቁርጥ አያቴ! ሁለት ሦስቴ ወደ ላይ አነጠሩት፤ ገለባው በነፋስ ሄደ፣ ፍሬው ቀረ። ታጠበ። የከሰል ምድጃቸው ላይ በመጥበሻ ተቆላ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር እማማ ወንበራቸውን አስጠጉ። ጭሱን በእጃችን ወደ እሳቸው ገፋ ገፋ አደረግንላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ምንም አላሉም።

ጀበና የለንም። በሻይ ማፍያ አፈላነው። ሲኒ የለንም። በፕላስቲክ ኩባያ ቀዳነው። አንዴ ፉት አሉና ፊታቸው ጨፈገግ አለ። ወተት አስመጡና ጨመሩበት። እንደገና ፉት አሉ። ከዚያ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጠው ተነሱ። እኛ ያልወደዱት መስሎን ተያየን። አጥሩ ጋ ሄደው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

ማንም አልነገራቸውም! ቡና ጎረቤት ይጠራበታል ብሎ የነገራቸው ሰው የለም። ጎረቤታቸው መጡ፣ ሌላ ሰው አስከትለው። ቶናው ላይ አምስት ነበሩ። በረካው ላይ ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ የሰፈር ሰው ቆጥሬያለሁ።

ከመጡት መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። በ1986 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ሰላም ለማስከበር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ፣ ወደ ቻንጉጉ ሄዶ ነበር። ሽማግሌው ያኔ እዚያ ነበሩ። «ወታደሮቻችሁን አውቃቸዋለሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኛም አልጠየቅንም።

ለምን አልጠየቅንም? ከዚያ በፊት ስለተማርን ነው። ይህንን ልናገር አልናገር ብዬ አስቤበታለሁ። ልናገረው።

በመጀመሪያው ሳምንት ራት ላይ አንዱ ተማሪያችን አንዱን የአስተናጋጆቻችንን ልጅ፣ «አንተ ብሔርህ ከየትኛው ነው?» አለው። ክፋት አልነበረበትም። እዚህ እንደምንጠያየቀው ነው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ንዲ ኡሙኛርዋንዳ» አለ። እኔ ሩዋንዳዊ ነኝ ማለት ነው። ተቆጥቶ አይደለም፤ በዝግታ ነው። በመታወቂያ ላይ የብሔር ስም የተጻፈበት አገር ነበረች። በ1994 እ.ኤ.አ. በመንገድ ኬላዎች ላይ ያ ወረቀት ሰው ይሞት ወይ ይኑር ይወስን ነበር። በመቶ ቀን ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ነው የጠፋው። ኪጋሊ ጊሶዚ ላይ ያለውን መታሰቢያ አይተነው ነበር፤ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ያረፈበት ነው። አይተንም ግን ጠየቅን።

ተማሪያችን ያን ሌሊት አልተኛም። ጠዋት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ልጁም አቀፈው። ወላጆች፣ ይህንን የምነግራችሁ ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ጥያቄው ከየት መጣ? ከእኛ ቤት ነው የመጣው። ከኛ ጠረጴዛ ነው የተማረው። እኔ ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ በሰማሁ ቁጥር የማንኪያው ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

ልጆች፣ መጠየቅ ያልኳችሁ ስለ ሥራ ነው። ስለ ቁስል አትጠይቁ። ቁስሉን ባለቤቱ ሲያሳያችሁ እዩ። እስኪያሳያችሁ ድረስ ተቀመጡ።

ሦስተኛው ነገር ብድር ነው። ወደ ማለቁ ነኝ።

ነሐሴ 25 ቀን፣ ከመመለሳችን በፊት፣ ሁለተኛው ኡሙጋንዳ ሆነ። የዚያን ቀን እርከን ላይ ነበርን። ቀስ እያልን ሠራን። እያወራን ሠራን፤ የምናውቃት ቃል ሠላሳ ብትሆን ነው። ከዚያ ከሰዉ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ስብሰባው ተጀመረ። የሚቀጥለው ወር የማን እርከን እንደሚሠራ ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ ያ ቡና የጠጡት ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና ወደኛ ዞረው፣ «እኛስ? እኛ መቼ ነው መጥተን ለእናንተ የምንሠራው?» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መልስ እየጠበቁ ነበር።

ያኔ አያቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት መንዝ አያቴ ጋ እሄድ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እዚያ ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ። ከተማ ያደጋችሁ ልጆች ልዩነቱን ላታውቁት ትችላላችሁ። ደቦ የተጠራ ሰው ሠርቶ፣ በልቶና ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ አንተ የኔ ማሳ ላይ፣ ነገ እኔ ያንተ ማሳ ላይ። አያቴ ማረስ ስለማትችል የበግ ጠጉር ፈትላ ነበር ብድሯን የምትመልሰው። ክረምቱን ሙሉ እንዝርቷ አያርፍም። አንድ ዓመት አንድ ያለው ጎረቤት መጥቶ አረሰላትና ፈትሉን ይዛ ስትሄድ፣ «ኧረ ተይው እማ፣ ለነፍሴ ነው» አላት። ደግ ሰው ነው። እሷ ግን ተመልሳ መጥታ አለቀሰች። «ብድሬን የማይቀበል ሰው ከሰው አልቆጠረኝም» አለች። በሚቀጥለው ዓመት ማሳዋ ጾም ያድራል እንጂ በሬውን አልጠራችም።

ሩዋንዳም ይህንን ያውቁታል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊሪንካ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ድሃ ቤተሰብ ላም ይሰጠዋል። ላሚቱ የመጀመሪያዋን ጊደር ስትወልድ ግን ያቺን ጊደር ለጎረቤቱ ይሰጣል። የዚያ ሥርዓት ስም ክዊቱራ ነው። ውለታ መመለስ ማለት ነው። ላም የተቀበለው ሰው በተራው ሰጪ ይሆናል፤ ቀና ብሎ ይሄዳል።

ሽማግሌው የጠየቁን ይህንን ነው። እኛን ጎረቤት ናችሁ ወይ ነው ያሉን። ከሁለታችን መምህራን አንዳችን መመለስ ነበረብን። እኔ ተነሳሁና፣ «በሚቀጥለው ክረምት ኑ» አልኩ። አስተባባሪው ተረጎመው። ሰዉ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚህ አገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ ተገኘ፤ እነሱ ጋ በማግሥቱ። ሁሉም ነገር ተዘጋ። ከዚያ እኛ ጋ ጦርነት መጣ። ከዓመት ዓመት «ዘንድሮስ?» ይሉናል፣ «ትንሽ ጠብቁን» እንላለን። ስድስት ዓመት። እማማ በልጅ ልጃቸው ስልክ ድምፅ ይልኩልናል። አሁን ቡና ያፈላሉ፤ ወተት ግን አልተዉም። አንድም ቀን «ብድራችንን ልንመልስ ነው የምንመጣው» ማለታቸውን አልተዉም።

ውድ ወላጆች፣ ዘንድሮ ሊመጡ ነው! ሐምሌ 19 ቀን ቦሌ ይገባሉ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። «ምን ይዘን እንምጣ?» ብለው ጻፉልን። እኛም ቡታጅራ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ዘንድ ሄደን ጠየቅን። እንደገናም ጠየቅን። በሁለተኛው ጊዜ ነው እውነተኛውን ሥራ የነገሩን። ባለፈው በጋ የሠሩት እርከን አለ፤ ዝናቡ ሳይንደው ዴሾ ሣር ሊተክሉበት ይፈልጋሉ፤ እጅ አንሷቸዋል። ለእንግዶቹ «እጃችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ» ብለን መለስንላቸው።

ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ አምስት ሌሊት ያድራሉ። ሆቴል አናስገባቸውም። ቤት ነው የምንፈልገው። ዘጠኙ ቤት አግኝተዋል። ሁለቱ ገና አላገኙም። ወረቀቱ በር ላይ ከቆመው ልጅ ዘንድ ነው፤ ስትወጡ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉለት። ፍራሽ እኛ እናመጣለን። የሚመጡት ከበጋ ወደ ክረምት ስለሆነ ጋቢ አዘጋጁላቸው፤ ይበርዳቸዋል። ወተት ይወዳሉ። ጠዋት በስንት ሰዓት ቁርስ እንደሆነ ስትነግሯቸው በኛው ሰዓት ንገሯቸው፣ ይገባቸዋል። ሣህን ሲያጥቡላችሁ «ተይ፣ እንግዳ ነሽ» አትበሏቸው። ይጠቡ።

አሥራ ሁለት ብዬ ዘጠኝና ሁለት አልኩ፤ አንዷ የት ሄደች ትሉኝ ይሆናል። አሥራ ሁለተኛዋ የእማማ የልጅ ልጅ ናት፤ ያቺ አስተርጓሚዋ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እሷን ማንም እንዳይመዘገብባት። ያኔ እጇ ውሃ የቋጠረው ተማሪያችን፣ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጇን አቅፋ የተቀመጠችው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ኪጋሊ ኤርፖርት ላይ «ይቺ የኔ ናት» ብላ ይዛታለች።